ዳገት ላይ ጧፍ የምትሸት መኪና

ሰቆጣ ውስጥ መኪናን በጆሮ የሚመረምር ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፤ ደጋግሜ ስላልኩት ግን ከተማውም ተቀብሎት ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከወልድያ መጥቼ በአራት ቆርቆሮ ከለል አድርጌ ጋራዥ አልኳት። ዕቃዬ ጥቂት፣ ወሬዬ ብዙ ነበር። ባለመኪና ሲመጣ ኮፈን አላስከፍትም። «አስነሣው» እላለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ራሴን ዘንበል አደርጋለሁ፤ ለማስከበር ያህል ትንሽ እቆይና በሽታውን እናገራለሁ። ብዙውን ጊዜ ልክ እሆን ነበር። ስሳሳት ደግሞ መኪናው ሩቅ አገር ሄዶ ስለሚቆም ተመልሶ የሚወቅሰኝ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ከሁሉ የምኮራባት የአንድ ሽማግሌ ፒክአፕ ነበረች። ጋሼ ነበር የምላቸው። በወጣትነታቸው ማርና ቆዳ በአህያ ሲያመላልሱ ኖረው፣ በስተርጅና ያቺን አሮጌ የናፍጣ መኪና ገዙና ከኋላዋ ወፍራም መንጠቆ አስበየዱላት፤ የቆመ መኪና መጎተት ሥራዋ ሆነ። ክረምት ሲወጣ የጭነት መኪና ወንዙ መሻገሪያ ላይ ይቀረቀራል፣ አውቶቡስ ዳገት ላይ ይሞታል፤ መልእክተኛ የሚላከው ወደ ጋሼ ነው። ችግሩ፣ መኪናይቱ ራሷ አርጅታ ነበር። ወደ ጋዝጊብላ በሚያወጣው ዳገት ላይ እንኳን ሌላ ልትጎትት ራሷንም በመከራ ነበር የምታወጣው።

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ገደል ገብቶ ከተተወ የጭነት መኪና ላይ ቱርቦ ፈትቼ ገጠምኩላት። ጋሼ ቱርቦ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ የአንጥረኛ ወናፍ ማለት ነው፣ ሞተሩን እፍ ሲለው እሳቱ ይበረታል አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ለሰው ሲያስረዱ ከኔ ይሻሉ ነበር። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ ንፋሱን የሚያደርሰውን ቱቦ ከውሃ ቧንቧ ቁራጭ ራሴ በየድኩት። ለዚያ ብየዳ ፎቶ አንሺ ጠርቼ ባስነሣው ደስ ይለኝ ነበር።

ሾፌሩ የዝቋላ ሰው ነው፤ በዕድሜ የኔ እኩያ ነበር። በቤቱ የሚናገረው ኽምጣንጋ፣ የዋግ አገውኛ ነው። አማርኛ ያውቃል፤ ግን ቃሉን መርጦ፣ አስቦ ነው የሚያወጣው፤ እኔ ደግሞ እስኪመርጥ የምታገሥ ሰው አልነበርኩም። በዚያ ዓመት ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ከዝቋላ አምጥቶ ሰቆጣ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ነበር። ያን ሁሉ ያደረገው ያቺን የመኪና ቁልፍ ተማምኖ ነው።

መኪናይቱ መታመም የጀመረችው በመስከረም አጋማሽ ነው። ሾፌሩ መጥቶ፣ ባዶዋን ደኅና ናት፣ ጎትታ ዳገቱ መሐል ስትደርስ ግን ጉልበቷ ክድት ይላታል፣ ጥቁር ጭስም ታወጣለች አለኝ። አስነሣሁና አዳመጥኩ። ፉጨቷ የጠራ ነበር። የቱርቦውን ዘንግ በጣቴ ወዘወዝኩት፤ አይንገዋለልም። ቱቦው ውስጥ ዘይት ፈለግሁ፤ የለም። ጎማ ማያያዣዎቹን በሳሙና ውሃ ቀብቼ አረፋ ይወጣ እንደሆነ አየሁ፤ አልወጣም። ብየዳዬን ግን ሳሙና አልቀባሁትም። የገዛ ብየዳዬን ልጠራጠር?

ሄደች፤ በሳምንቱ ተመለሰች። ዳገት ላይ ትታመማለች፣ ጋራዥ ስትደርስ ጤነኛ ናት። በሦስተኛው ጊዜ ሾፌሩ እንደ ማመንታት ብሎ አንድ ነገር ጨመረ። ጉልበቷ ሊከዳት ሲል ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ትሸታለች አለኝ።

እንዲህ ያለ ሲሳይ ከየት ይገኛል! ሳምንቱን ሙሉ በየጠላ ቤቱ ይዤው ዞርኩ። ከተማውም እኔ ላይ ጨመረበት። አንዱ መኪናይቱ ጾም ይዛ ነው አለ፤ ረቡዕና ዓርብ ጉልበት የሚያንሳት ለዚያ ነው ብሎ ቀን ቆጠረላት። ሌላው ቡዳ በልቷታል አለ። ጋሼ ይህን የሁለተኛውን ሰምተው አንድ ቀን ከዳገት ስትመለስ ጠበል በጆግ ይዘው ጠበቋትና ኮፈኑን አስከፍተው ሊረጩ ተነሡ። እኔ ከወዲያ ማዶ ሆኜ አይደረግም እያልኩ ስሮጥ ጠበሉ የጋለው ብረት ላይ ፈሰሰ። ጭሽሽ ብሎ እንፋሎቱ ሲነሣ የቆመው ሰው ሁሉ አማተበ፤ እነሆ ለቀቀ፣ ጮኸ፣ ተባለ። እኔ የፈራሁት ለብረቱ ነበር፤ የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ቱርቦው እግዜር ይስጠው አልተሰነጠቀም። ዳገቱ ላይ ግን በማግስቱም ከዳች።

ያኔ ፍርድ ሰጠሁ። ጆሮዬ ስሕተት አላገኘም፤ ጆሮዬ ካላገኘ መኪናው ላይ ስሕተት የለም ማለት ነው፤ መኪናው ላይ ከሌለ ሰውዬው ላይ ነው። ለጋሼም የሾፌሩ እግር ነው አልኳቸው። ማርሽ ሳይቀንስ ነዳጅ ይረግጣል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ከዳገት ወጥቶ ሳይበርድ አይጠፋም፣ እሱ ግን እንደደረሰ ያጠፋዋል፤ በዚህ አያያዝ ቱርቦውን ይገድለዋል አልኩ። ይህን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ጋሼ ሰምተው በረጅሙ ተነፈሱ። የንዴት መስሎኝ ነበር።

በጥቅምት የሚካኤል ማኅበር ላይ፣ ጽዋ እንደተያዘ፣ ጋሼ ለማኅበርተኛው ሁሉ ተናገሩት። ያ ልጅ መኪናዬን ሊጨርስብኝ ነው፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልተሻላት ቁልፉን ተቀብዬ ለእኅቴ ልጅ እሰጣለሁ አሉ። እኔም ማኅበርተኛ ነበርኩና ከጎናቸው ተቀምጬ ራሴን ነቀነቅሁ። የቤተ ክርስቲያኑንም ሽታ አነሣሁላቸው፤ ሁሉም ሳቀ። ሾፌሩ ማኅበርተኛ አልነበረም። የሰማው በማግስቱ ገበያ ላይ ነው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ በከተማው አፍ መኪና የማያውቅ ሾፌር ሆነ።

ኅዳር እንደገባ ጋራዤ ድረስ መጣ። ሊለምነኝ መስሎኝ ፊቴን አዘጋጀሁ። እሱ ግን ቆሞ ቃሉን መረጠና፣

«አንዴ አብረኸኝ ውጣ። እየጎተትኩ። ከዚያ የፈለግኸውን በል» አለኝ።

ደሜ ፈላ። እኔን ማን ይፈትነኛል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እሺ አልኩት፤ ጋሼም ይምጡ አልኩ። እሱን ሳዋርደው የሚያይልኝ ሰው ፈልጌ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ማሽላ የጫነ መኪና ወንዙ መሻገሪያ ላይ ቆመ ተባለ። ሦስታችን ጋቢና ገባን፤ እኔ መሐል። ማርሹ በሁለቱ ጉልበቶቼ መካከል ስለሆነ ሾፌሩ ሁለተኛ ባስገባ ቁጥር ጉልበቴን ይመታኛል፤ ይቅርታም አይልም። ወንዙ ጋ ስንደርስ የብረት ገመዱን አሠርን፤ ጉዞ ወደ ላይ ሆነ።

እውነቱን ልናገር፤ ሰውዬው ሲነዳ ያምር ነበር። ገመዱን በዝግታ ይወጥራል፤ ነጥቆ አያውቅም። ማርሹን የሚቀንሰው ሞተሩ ሳይጨነቅ ቀድሞ ነው። እግሩን እየሰረቅሁ አየሁት፤ እንቁላል ላይ የቆመ ይመስል ነበር። ገና ዳገቱን ሲሶ ሳንወጣ የሰጠሁትን ፍርድ መጠራጠር ጀመርኩ። ጋሼም እንደወትሯቸው አያወሩም፤ በመስኮት ወደ ገደሉ እያዩ ነው።

መሐል ላይ ፉጨቷ ተለወጠ። የጠራው ድምፅ ሳሳ፣ ከሥሩ ፍስስ የሚል ነገር መጣ፤ ወዲያው ጉልበቷ ከዳ፣ በመስታወቱ ጥቁር ጭስ የተጎታቹን መኪና ሲያለብሰው አየሁ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። ጧፍ ነው። ቅዳሴ ላይ ከጧፍ ያዥ ኋላ የቆምኩ ያህል ጧፍ ሸተተኝ። ጧፍ ይዘው እንደሆነ ብዬ መጀመሪያ ያየሁት የጋሼን ኪስ ነበር።

«ሸተተህ?» አለኝ ሾፌሩ።

አቆመ፤ በየጎማው ሥር ድንጋይ አስገባን። ኮፈኑን ከፍቼ አንገቴን ቀበርኩ። ከቱቦው ሥር ቢጫ ነገር ጠብ ጠብ እያለ የሞተሩ ጎን ላይ ይጨሳል። እጄን በሆዱ በኩል ስሰድ ተቃጠልኩ፤ ግን አገኘሁት። ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ናት። ያለችው ደግሞ ሌላ ቦታ አይደለም፣ ፎቶ ላስነሣው ያማረኝ ብየዳዬ ላይ ነው። አንድ ሰው ስንጥቋን በሰም ደፍኖ፣ በላዩ የሞተር ጭቃ ለውሶባታል። ሰሙ ቀዝቃዛ ሳለ ይይዛል፤ ጋራዥ ቆማ ስትሠራ ንፋሱም ሙቀቱም ትንሽ ስለሆነ ምንም አይታወቅም። ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ ግን ቱቦው ይግላል፣ ሰሙ ይቀልጣል፣ ንፋሱ በስንጥቋ ይወጣል፤ ናፍጣው ንፋስ አጥቶ ጥቁር ጭስ ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ማነው እንዲህ ያደረገው ብዬ ሾፌሩ ላይ ጮህኩ። በራሴ ብየዳ ያፈርኩትን እሱ ላይ መወጣቴ ነበር። እሱ ዓይኑን ወደ ተጎታቹ መኪና አዞረ። ለምን እንዳዞረ ያወቅሁት እኔም ዘወር ስል ነው። ጋሼ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በመስከረም ሾፌሩ ለእናቱ ተዝካር ዝቋላ ሲሄድ ጋሼ መኪናይቱን ራሳቸው ይዘው ጋዝጊብላ ገበያ ወጡ። የሄዱት ለሚካኤል የተሳሉትን ጧፍ ለመግዛት ነው። ሁለት ጥቅል ገዝተው ሲመለሱ ቱቦው ተሰነጠቀ። አካባቢው ላይ ሰው የለም፤ ያላቸው ጧፍ ብቻ ነው። የማር ነጋዴ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸውና ሰም የማይደፍነው ቀዳዳ አለ ብለው አያምኑም። ክሩን እየላጡ፣ ሰሙን በእጃቸው እያሹ ደፈኑት፤ ቤታቸው ገቡ። ሲገቡ ነው ያደረጉት ነገር የታወቃቸው፤ ለመልአኩ የተሳሉትን ለመኪና ቱቦ አዋሉት። አፍረው ለማንም አልተናገሩም። ሾፌሩ ተመልሶ ዳገት ላይ ሲቸገር ሰሙ ማለቁ ገባቸውና ጠዋት ጠዋት ማንም ሳያይ እየተነሡ ይሞሉት ጀመር። ወደኔ ስትመጣ ጤነኛ የምትሆነው ለዚህ ነበር። ደግሞም ጉልበት የሚያሳጣት የመልአኩ ቁጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ታዲያ ይህን እያወቁ ምስኪኑን ሰው እንዴት አሳልፈው ሰጡት ብዬ ጠየቅኋቸው። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም።

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ‹የሾፌሩ እግር ነው› ስትለኝ ደስ አለኝ» አሉ። «ከመልአኩ ጋር ያለኝ ነገር ቀረልኝ ብዬ።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲሉ የምሰማው ተረት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዳውላውን ሸክፌ ያቀበልኳቸው ደግሞ እኔ ነበርኩ። አፈርኩ፤ የማፍር ሰው አይደለሁም ብዬ አስብ ነበር።

ይህን ሁሉ ስናወራ ሾፌሩ ሥራ ላይ ነው። ከወንበሩ ኋላ የከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ አወጣ፣ ስንጥቋ ላይ ሦስት ዙር ጠመጠመ፣ በሽቦ አጠበቀ። አስነሣው። ፉጨቷ ጠራ፤ ያን ማሽላ የጫነ መኪና እየጎተትን ዳገቱን ጨርሰን ወጣን። ላይ ደርሰን ስናቆም ሞተሩን አላጠፋም። መሪው ላይ እጁን አሳርፎ ቱርቦው እስኪበርድ ጠበቀ። እንዲህ ሲያደርግ የከረመ እጅ መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

ጋሼ እፎይ ብለው በቃ ነገሩ አለቀ፣ ልጄ ቁልፉ ያንተ ነው አሉት። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቀለና መዳፋቸው ላይ አኖረው።

«የተነገረው በማኅበር ነው፣ አባቴ» አላቸው። «የሚመለሰውም በማኅበር ነው።»

የሚለው ልክ ነበር። በኛ ማኅበር ሰው በጽዋው ፊት የተናገረውን ክፉ ነገር የሚመልሰው በጽዋው ፊት ቆሞ፣ የበደለውን ሰው ስም ጠርቶ ነው። ጓዳ ለጓዳ የሚደረግ እርቅ አይቆጠርም። እኛ ግን እስከ ኅዳር ሚካኤል አንድ ሳምንት ነበረንና ሰይጣን ሥራ አልፈታም። ጋሼ በማግስቱ ጠዋት ጋራዤ መጡ። ስለ ጧፉ ሳይነሣ ነገሩ የሚያልቅበት መንገድ የለም ወይ አሉኝ። እኔም ስለ ብየዳዬ ባይነሣ እመርጥ ነበር። ጥፋቱን ገደል ውስጥ የቀረው የጭነት መኪና ላይ ብናደርገውስ አልኳቸው፤ ቱርቦው ከመጀመሪያው በሽታ ይዞ መጥቶ ነው እንበል፣ የሞተ መኪና አይከራከርም። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ በጣም ደስ አለን። እንዲያውም አነጋገሩን ተለማመድነው፤ ጋሼ የመገረም ፊት ያሳዩኛል፣ እኔ የሊቅ ፊት አሳያቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ሾፌሩ በጋራዡ ፊት በእግሩ አለፈ። ትንሿን ልጁን አቅፏል። እጁ ላይ ቁልፍ የለም። ቆም ብሎ ጋሼን እጅ ነሥቶ መንገዱን ቀጠለ፤ እኔን አላየኝም። ጋሼ የያዙትን የመገረም ፊት ቀስ ብለው ጣሉት። ልምምዱን ትተን ተለያየን።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ማኅበርተኛው ሞላ፤ ሾፌሩም ተጠርቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ጋሼ ተነሡ። ሁሉንም ተናገሩት፤ ጧፉን፣ ስንጥቁን፣ የጠዋት ጠዋቱን። በመጨረሻም በዚህ ልጄ ላይ የተናገርኩት ሐሰት ነው አሉ። ቀድማ የተናገረችው የጋሼ ሚስት ናት። ዳቦ ይዛ ቆማ ነበር።

«እኔ ደግሞ በሌሊት ጧፍ ይዞ የሚወጣው ለጸሎት መስሎኝ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ባሌ መነነ ብዬ!» አለች።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የማኅበሩ ቄስ ራሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ነበር። ሳቁ ሲበርድ ጋሼን የተሳሉትን ዕጥፍ አድርገው እንዲያገቡ አዘዟቸው፤ ዕድሜያቸውን አክብረው ሌላ አልጨመሩባቸውም። ጋሼ ተቀመጡ። ሁለት ወር ያልተኛ ሰው እንቅልፍ ሲያገኝ የሚመስለውን መሰሉ።

ተራው የኔ ሆነ። ተነሣሁ። ወሬ አጥቼ አላውቅምና ፈጥኜ ጨርሼ ሳቁ ሳይበርድ ልቀመጥ አስቤ ነበር። ብየዳው የኔ ነው፣ የተሰነጠቀው እሱ ነው፣ አንድም ቀን አብሬው ሳልወጣ ፈረድኩበት፣ ሾፌሩን በድያለሁ አልኩ። ልቀመጥ ጎንበስ ስል ቄሱ እጃቸውን አነሡ።

«ሾፌር ብዙ ነው፣ ልጄ። ስሙን ጠርተህ በል» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ጋራዤ በር ላይ ቆሟል። የመኪናውን ፉጨት ከሩቅ ለይቼ እሱ መምጣቱን አውቅ ነበር። ጫማው የትኛው እንደተተረተረ አውቃለሁ፤ ማርሽ ሲያስገባ ትከሻው እንዴት እንደሚሆን አሁን አውቃለሁ። ስሙን ግን ጠይቄው አላውቅም። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ያ ሁሉ ወሬ ያለኝ ሰው እዚያ መሐል ቆሜ ላብ አጠመቀኝ።

ወደ በሩ ዞርኩና፣

«ስምህ ማን ነው?» አልኩት።

ተነሥቶ ቆመ። ቃል ሳይመርጥ፣ ከነአባቱ ነገረኝ። እኔም ስሙን ጠርቼ በድዬሃለሁ አልኩት። ጋሼ ከተቀመጡበት እጃቸውን ዘረጉ፤ ሄዶ ቁልፉን ተቀበለ።